ከሐኪም ቤት ይዘናቸው የምንወጣ ቃላት



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል «ደም ብዛት አለብዎት»፣ «ስኳርሽ ጨምሯል» ወይም «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» የተባለ ዘመድ የሌለው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ታማሚው ቤቱ ሲገባ «ምን አሉህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ከነዚህ አንዱን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ሁሉ፣ ክኒኑን መቀጠሉም ማቋረጡም፣ ለቤተሰቡ መንገሩም መደበቁም፣ በዚያ ቃል ላይ የቆመ ነው። ሐኪሙ የተናገረው ሌላ፣ ታማሚው የተረዳው ሌላ ከሆነ፣ ጥሩ የተባለው መድኃኒት ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በሀገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርዱም የሚሞላው፣ የላብራቶሪ ወረቀቱም የሚታተመው በዚያው ቋንቋ ነው። ታማሚው ግን ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ይጠፋል። ይህን ክፍተት በአንድ ንግግር መሙላት አይቻልም። አንድ ነገር ግን ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ሐኪም የሚነግረን ቃል ሁሉ የበሽታ ስም አይደለም። አንዳንዱ ልኬት ነው። አንዳንዱ የምርመራ ውጤት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የበሽታውን ጠባይና የሚቆይበትን ጊዜ ይነግረናል። እነዚህን ስናደባልቅ የሌለብንን በሽታ እንታከማለን፤ ያለብንን ሳንታከም እንተወዋለን።

ልኬት የሆኑ ቃላት

ከደም ብዛት ልጀምር። የአንድ አዋቂ ሰው ደም በአማካይ አምስት ሊትር ያህል ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው ከዚህ የበለጠ ደም ተጠራቅሞበታል ማለት አይደለም። የጨመረው ደሙ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። በጎማ ቧንቧ የሚያልፍ ውሃ መጠኑ ሳይለወጥ ቧንቧው ሲጠብ ግፊቱ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጠብቡና ሲደድሩ ግፊቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ «የደም ግፊት» የሚለው ስያሜ ነገሩን በይበልጥ ይገልጸዋል።

ሁለት ቁጥሮች ይነገሩናል። ለምሳሌ 150 በ95። የላይኛው ልብ ሲጨመቅና ደም ሲረጭ ያለው ግፊት ነው፤ የታችኛው ልብ በሁለት ምት መካከል ዘና ሲል የሚቀረው ነው። ሁለቱም የሚለኩት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በክንድ ላይ የሚጠቀለለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 በማዳመጫ የሚሰማውን የደም ድምፅ ተከትሎ ሁለቱንም ቁጥሮች ለይቶ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬም ነርሷ ክንዳችን ላይ ማዳመጫ ስታስቀምጥ የምትከተለው ያንኑ ዘዴ ነው።

በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች የደም ግፊት በሽታ ይሉታል። «በተለያዩ ቀናት» የሚለውን አስምሩበት። ከታክሲ ወርዶ ደረጃ እየሮጠ የወጣ ሰው፣ ቡና ጠጥቶ ወዲያው የተለካ ሰው፣ ሽንቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አትቅመሱ፤ ሽንት ቤት ግቡ፤ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ አምስት ደቂቃ ዕረፉ፤ ክንዳችሁ በልባችሁ ትይዩ ይሁን፤ እየተለካችሁም አታውሩ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ፣ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የሌለው መሆኑ ነው። «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው» የሚል ሰው የሚያምነው ምልክት ሊያታልለው ይችላል። ዝም ብሎ ለዓመታት የቆየ ግፊት አንጎልን በስትሮክ፣ ልብን በድካም ይጎዳል፤ ኩላሊትንና ዓይንንም አይምርም። ክኒኑን የምንውጠው ዛሬ ስላመመን ሳይሆን ነገ እንዳይደርስብን ስለሆነ፣ ሲሻለን የምናቆመው ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ደም ማነስ እንለፍ። ብዙ ሰው ደም ማነስን የደም ብዛት ተቃራኒ አድርጎ ይወስደዋል። «ድሮ ደም ብዛት ነበረብኝ፤ አሁን ደም ማነስ ስለተባልኩ ያኛው ለቆኛል» ብሎ የግፊት ክኒኑን የሚያቆም አለ። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ደም ማነስ ስለ ግፊት አይናገርም፤ የሚናገረው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ስላለው ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢን ስለሚባለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ ለወንድ ከ13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለእርጉዝ ሴት ደግሞ እንደ እርግዝናዋ ወር ከ11 ወይም ከ10.5 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ደም ማነስ ይለዋል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ግን ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ሰውነቱ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል። ስለዚህ በደጋ መለኪያው ከፍ ተደርጎ ይታያል።

አንድ ሰው ደም ግፊትም ደም ማነስም በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። የታመመ ኩላሊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩላሊት ደም ከማጣራቱ ሌላ፣ መቅኔ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ የሚያዝዝ ሆርሞን ያመነጫል። ኩላሊቱ ሲደክም ሆርሞኑ ያንሳል፣ ሄሞግሎቢኑም ይቀንሳል፤ በዚያው ጊዜ ግፊቱ ይጨምራል። «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል» መባልም ከደም ማነስ ጋር አንድ አይደለም።

ደም ማነስ በራሱ የመጨረሻ መልስ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ከጀርባው ምክንያት አለ፤ የብረት ማዕድን እጥረት፣ የአንጀት ትል፣ ወባ፣ በብዛት የሚፈስ የወር አበባ፣ ከጨጓራ የሚደማ ቁስል። የብረት ክኒን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው «ደሜ ያነሰው ከምን የተነሣ ነው?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የሚደማው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ልኬት ስኳር ነው። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ፣ በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በድጋሚ ምርመራም ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል። ከዚህ ሌላ ሐኪሞች «ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ» ወይም በአጭሩ «ኤ ዋን ሲ» የሚሉት ምርመራ አለ። ስኳር በቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ምርመራው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ለቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው ጣፋጭ የተወ ሰው የጠዋት ስኳሩን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ኤ ዋን ሲን ግን አያታልልም። እዚህም 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው።

ውጭ ሀገር ዘመድ ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አሜሪካ እንደኛው በሚሊ ግራም ይለካል። ብሪታንያና ሌሎችም ብዙ ሀገሮች ግን በሚሊ ሞል ይለካሉ። እዚህ 126 የሚባለው እዚያ 7 ነው። አንዲት እናት ለንደን ካለው ልጃቸው «ስኳሬ 10 ነው» የሚል ሲሰሙ «እንዴት ዝቅ አለበት!» ብለው ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን 10 ሚሊ ሞል በኛ አቆጣጠር 180 ነው። በ18 ማባዛት ነው።

በካርድ ላይ «ሃይፐር» የሚል ከታየ ከልክ በላይ፣ «ሃይፖ» የሚል ከታየ ከልክ በታች ማለት ነው። በድምፅ የሚቀራረቡት እነዚህ ሁለቱ በስኳር ሕክምና ፍጹም ተቃራኒ እርምጃ ይጠይቃሉ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ግራ ይጋባል። ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ወዲያው በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወይም ጭማቂ መስጠት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ስኳርን ለመቆጣጠር በመርፌ የሚሰጠውን ኢንሱሊን የሚፈሩም ብዙ ናቸው። «መርፌ ከተጀመረ አለቀ» ይባላል። ኢንሱሊን ቆሽታችን ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት፣ መርፌው በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት፣ ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ የመኖር ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ ያ ልጅ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ አግብቶ ይኖራል። መርፌው የጎደለውን ይተካል እንጂ ሱስ አያስይዝም፤ የሞት ማስታወቂያም አይደለም።

የምርመራ ውጤት የሆኑ ቃላት

«ፖዘቲቭ» ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው። «ኔጌቲቭ» ደግሞ አልተገኘም። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የፈለጋችሁት ምን ነበር?» የሚለው ነው። በሽታ አምጪው ራሱ ነው የተፈለገው ወይስ ሰውነታችን በሽታውን ለመከላከል ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል? ልዩነቱ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ተሕዋሱ አሁን መኖሩን ይናገራል፣ ሁለተኛው ከዚህ በፊት ከሱ ጋር መገናኘታችንን ብቻ ሊናገር ይችላል።

ታይፎይድና ታይፈስን እንውሰድ። ስማቸው ቢመሳሰልም ምንም ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ ሳልሞኔላ ታይፊ በሚባል ባክቴሪያ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል። ተስቦ የሚባለው ታይፈስ የሚተላለፈው በሰውነት ቅማል ነው። አንዱን ለመከላከል ውሃ ማከምና እጅ መታጠብ፣ ሌላውን ለመከላከል ልብስ ማፍላት ያስፈልጋል። ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ ባንድ ጊዜ የሚገኙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ «ሁለቱም አለብህ» የሚባል ሰው ለምን በዛ?

መልሱ ያለው ምርመራው ላይ ነው። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚደረገው ዊዳል የሚባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የተገኘ ነው። የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው። ባለፈው ዓመት ታይፎይድ የታመመ፣ ክትባት የወሰደ፣ ወይም ወባን የመሰለ ሌላ ትኩሳት የያዘው ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 ተብሎ የሚጻፈው ደሙ ስንት እጥፍ ቀጥኖም ምላሽ እንደሰጠ የሚያሳይ ነው እንጂ የበሽታውን ክብደት አይለካም። ለታይፈስ የሚደረገው ዌይል ፌሊክስ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የሚጠቀመው የታይፈስን ተሕዋስ ሳይሆን ፕሮቴየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያን ነው። በፕሮቴየስ ምክንያት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ታይፎይድን በተሻለ የሚያረጋግጠው ደም ተወስዶ ባክቴሪያው እንዲያድግ የሚደረግበት ምርመራ፣ የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይወስዳል፣ በሁሉም ቦታ አይገኝም።

ይህን የምለው ላብራቶሪን ለማጣጣል አይደለም። ሐኪሙ ትኩሳታችሁን፣ የቆየበትን ጊዜና የሰውነታችሁን ሁኔታ አይቶ ውጤቱን ሲተረጉመው ወረቀቱ ይጠቅማል። ያለ ሐኪም፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ፋርማሲ መሄድ ግን የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ ያስውጣል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል፤ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በሚያመጡት ቫይረሶች ላይ አይሠራም። ያለ ምክንያት በተወሰደ ቁጥር መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ይበራከታል፤ በኋላ ሕፃን ልጃችን በሳምባ ምች ሲታመም የሚያድነው መድኃኒት ልናጣ እንችላለን።

ለጨጓራ የሚደረገውም ተመሳሳይ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ የጨጓራ ብግነትና ቁስል እንደሚያመጣ በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያውን በደም መፈለግ ፀረ እንግዳ አካልን መፈለግ ነው፤ ታክሞ የዳነ ሰውም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። የሰገራ ምርመራው ግን ባክቴሪያው አሁን መኖሩን ይፈልጋል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው መዳኑን ማወቅ ከፈለገ፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ በሰገራ ቢመረመር ይሻላል። በደም ደጋግሞ ተመርምሮ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ ድካም ነው።

«ኔጌቲቭ» መባልም ጊዜውን ካልጠየቅን ያዘናጋል። ኤች አይ ቪ በቅርቡ የያዘው ሰው ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል እስኪያመርት ድረስ ሳምንታት ሊወስድበት ስለሚችል፣ በዚያ መካከል የተደረገ ምርመራ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። «እንደገና መቼ ልመርመር?» ማለት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጊዜንና ጠባይን የሚነግሩ ቃላት

«አኪዩት» ማለት በድንገት የጀመረ፣ አጣዳፊ ማለት ነው። «ክሮኒክ» ማለት ሥር የሰደደ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ማለት ነው። ሁለቱም ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ክብደት አይናገሩም። አኪዩት የተባለ ጉንፋን በሳምንት ይለቃል፤ አኪዩት የተባለ የትርፍ አንጀት ብግነት ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ክሮኒክ መባልም «አይድንም፣ ተስፋ የለውም» ማለት አይደለም፤ ክትትሉ ይረዝማል ማለት ነው። አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታና ግፊት ያለባቸው ብዙዎች በሕክምና ሙሉ ዕድሜ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ «ዳነ» እና «በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚሉትን መለየት ግድ ነው። ግፊቱ 120 በ80 የሆነለት ታማሚ በመድኃኒቱ ነው እዚያ የደረሰው። መድኃኒቱን ቢያቆም ተመልሶ ይወጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በትክክል የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። በዚህ ደረጃ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ታላቅ የምሥራች ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ከሰውነቱ አልጠፋም። መድኃኒቱን ካቋረጠ እንደገና ይበዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ሲቆም ከቀድሞው የባሰ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራን ስለ እጢ የሚነገረን ቃል ነው። እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። «ቢናይን» የተባለው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይዛመት ነው። «ማሊግናንት» የተባለው ወደ ጎረቤት ሥጋ የሚዘልቅና ሊሰራጭ የሚችለው፣ ካንሰር የምንለው ነው። ሁለቱን የሚለየው «ባዮፕሲ» የሚባለው ምርመራ ነው፤ ከእጢው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ባዮፕሲ ታዘዘ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። «ብረት ሲነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት እናቶቻችንን ጡታቸው ላይ የዳሰሱትን እባጭ ለወራት ደብቀው እንዲቀመጡ አድርጓል። እጢው የሚያድገውና የሚሰራጨው ሳይታከም በቆየበት ጊዜ ነው። ቀድሞ የተገኘ የጡት ካንሰር የመዳን ዕድሉ ዘግይቶ ከተገኘው በብዙ ይበልጣል።

ከሐኪሙ ፊት

እነዚህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ወደ ሐኪም ስትገቡ አራት ጥያቄዎች ይዛችሁ ግቡ። የነገሩኝ የበሽታ ስም ነው ወይስ የምርመራ ውጤት? ከምን የተነሣ ነው የመጣው? መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ ነው፣ ሲሻለኝስ ላቁመው? ምን ካየሁ ነው ቶሎ ተመልሼ የምመጣው? ብትችሉ አስታማሚ ይዛችሁ ግቡ፤ በድንጋጤ ውስጥ የሰማነውን ግማሹን እንረሳለንና።

አሜሪካ ላላችሁ ወገኖች፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ለዚህ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁ የአባቱን የካንሰር ውጤት እንዲተረጉም አታድርጉ፤ ለልጁ ሸክም ነው፣ ለትርጉሙም አደጋ ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ፣ ለሐኪሞችም አንድ ቃል አለኝ። «ገባህ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ሁሉም «አዎ ዶክተር» ይለናል። ሰው በትልቅ ሰው ፊት አልገባኝም ለማለት ያፍራል። ከዚያ ይልቅ «ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል? እስቲ ለኔ ይንገሩኝ» እንበል። በመልሳቸው ውስጥ የጎደለውን እናገኘዋለን፤ ያኔውኑም እናርመዋለን። ይህ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ክኒኑን አቋርጦ በስትሮክ የተመለሰን ሰው ማከም ግን ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዴም የተሽመደመደ እጅ አይመለስም።

ጥያቄ መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር አይደለም። ሕክምናው የሚፈጸመው በናንተ አካል፣ በናንተ ቤት፣ በየቀኑ በምትውጡት ክኒን ነው። የሐኪሙ ዕውቀት ወደዚያ የሚደርሰው ቃሉ ሲገባችሁ ነው። ስለዚህ ያልገባችሁን ቃል ይዛችሁ ከክፍሉ አትውጡ።